በመቱ ዝናብ ያልዛገ መፍቻ

መቱ ላይ ጋራዥ ልከፍት ስነሳ በከተማው የሞተር ሆድ ከፍቶ መልሶ የሚገጥም ሰው አልነበረም። ጎማ የሚለጥፍ ነበር፣ ዘይት የሚቀይር ነበር፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ በሽቦ ጠፍሮ መኪናውን እስከሚቀጥለው ከተማ የሚያደርስም ነበር። ሞተሩ ውስጥ ችግር ከተፈጠረ ግን መኪናው በሌላ መኪና ተጎትቶ፣ የጌባን ወንዝና የያዮን ጫካ አልፎ፣ በበደሌ በኩል እስከ ጅማ ይሄዳል። ዝናብ ካለ በመንገድ ላይ ሳምንቱን ይጨርሳል። ያኔ ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ የቡናው ንግድ እየደራ ስለሄደ በመኸር ወራት መቱ ገበያ ዳር የሚቆመው የጭነት መኪና ከዓመት ዓመት ይበዛ ነበር።

እኔ ሙያውን የተማርኩት ጅማ፣ አገሩ ሳይገባ የቀረ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰውዬው ቁጡ ነበር። መሣሪያ ሳይጠርግ የመለሰ ሠራተኛ የዚያን ቀን ምሳውን በስድብ አጣቅሶ ነው የሚበላው። በእውቀቱ ግን አይሰስትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለት መፍቻ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና የትኛውን ትወስዳለህ ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን እጄ ወደሚያብለጨልጨው ይሄድ ነበር፤ እሱም ራሱን ይነቀንቃል። ቀስ በቀስ አስተማረኝ። የመፍቻ ከንፈር ዳዶውን፣ የቡሎኑን ማጥበቂያ፣ ግጥም አድርጎ መያዝ አለበት፤ እጅ ላይ ትንሽ እንኳ ከተወዛወዘ ውሎ አድሮ የዳዶውን ጥግ ይበላዋል። ሞረድ ጫፉ ላይ ስታሳርፍበት የሚነከስ ብረት ለስላሳ ነው፤ ሞረዱ ከተንሸራተተበት ግን እሳትና ውሃውን በደንብ የጠጣ ብረት ነው። የካቻቢቴ ዘንግ እጀታው ውስጥ ዘልቆ ካልገባ አንድ ቀን መዳፍህ ውስጥ ይሽከረከራል። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ ይለዝብ ነበር፤ በሌላ ነገር ሲለዝብ አይቼው አላውቅም።

ባለቤቴ የሁሩሙ ልጅ ናት። ከጅማ ተመልሼ ስንጋባ እሷ ከያዮና ከሁሩሙ ማርና ሰም እየገዛች መቱ ገበያ የምትሸጥ፣ በደንብ የታወቀች ነጋዴ ነበረች። ቤታችን ውስጥ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ነው የምናወራው፤ ስንጣላ ሁለታችንም በየአፋችን፣ ስንታረቅ ደግሞ በተገኘው። ጋራዥ ልክፈት ስላት ብዙ አላመነታችም። ከማር ንግዷ ያጠራቀመችውን ጥሪት አወጣችና አዲስ አበባ ሄደህ መሣሪያህን ግዛ አለችኝ። የሚያውቁን ሁሉ አንድ ምክር ነበራቸው፦ መሣሪያ አብዝተህ ግዛ፤ ሰው የሚያምንህ ሳጥንህ ሲሞላ ነው። እኔም አውቶቡስ ላይ ሆኜ ይህንኑ ሳስብ ሄድኩ።

አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሽማግሌ አርመናዊ የብረታ ብረት ሱቅ ነበራቸው። እንደ ገባሁ ቀይ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ ሳጥን ከፈቱልኝ። ውስጡ እንደ ሙሽራ ጌጥ ያንጸባርቃል፤ መፍቻው በየመጠኑ፣ ፒንሳው፣ መዶሻው፣ ሁሉም አለ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ደንግጦ ነበር። ይህን ይዤ መቱ ብወርድ ገበያው ሁሉ ይነጋገርብኛል። ከኪሴ ግን ትንሽ ሞረድ ይዤ ነበር፤ አስፈቅጄ የአንዱን መፍቻ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ሞረዱ እንደ ቅቤ ነከሰው። ሽማግሌው መጀመሪያ ፊታቸው ተኮሳተረ። ሁለተኛውን ሳነሳ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና ማን አስተማረህ አሉኝ። ነገርኳቸው። ሳጥኑን ዘጉት፤ ወደ ጓዳ ገብተውም በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው ተመለሱ።

ጥቁር ነበር። ኒኬል ያልተቀባ፣ ጌጥ የሌለው፣ ከበድ የሚል።

«ይህን የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያብረቀርቀውን ነው የሚፈልገው» አሉኝ።

አንዱን መፍቻ እዚያው ባንኮው ላይ በተተከለ ቡሎን ላይ ሞከርኩት። ዳዶውን ሲይዝ ምንም አልተወዛወዘም። ሞረዴን ሳሳርፍበት ጢስ እንዳለፈበት ብቻ ሆነ፤ ጭረት እንኳ አልታየም። በያዝኩት ጥሪት ቀዩን ሳጥን ከነሙሉ ዕቃው መግዛት እችል ነበር። ከጥቁሩ ግን የማገኘው ጥቂት ነው። ቆሜ አሰብኩ። በመጨረሻ በመኪና ላይ በብዛት የሚገኙትን መጠኖች ብቻ መረጥኩ፤ ዳዶውን ከላይ የሚያለብሰውን ቡሶላ ከረጅም እጀታው ጋር፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ የብረትና የመዳብ መዶሻ፣ ሞረድ ደግሞ ከሻካራው እስከ ልሙጡ። ሽማግሌው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ጨመሩልኝና ይህ የእኔ ስጦታ ነው አሉ።

መቱ ስደርስ ጎረቤት ሁሉ ቤታችን ተሰብስቦ ጠበቀኝ። ባለቤቴ ከረጢቱን ስትፈታ ጥቂት ጥቁር ብረት ብቻ ወጣ። አንዱ ጎረቤታችን፣ ቀልደኛ ሰው ነው፣ የቀረው በሌላ አውቶቡስ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴ አልሳቀችም። አንዱን መፍቻ አነሳች፤ በእጇ መዘን መዘን አደረገችው፣ ማርና ሰም ስትገዛ እንደምታደርገው። ከዚያም ከባድ ነው፣ ውሸት የለበትም ብላ መልሳ አስቀመጠችው። ያን ቃል ያኔ እንዴት እንዳጽናናኝ እሷም አታውቅም።

ዝናቡን ግን አላሰብንበትም ነበር። ጅማ ያለው ጋራዥ የድንጋይ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ነበረው። የእኛ ቤት ጭቃ ነው፣ መቱ ደግሞ ዝናብ ከጀመረ የሚያባራበትን ማንም አያውቅም። ከአዲስ ጣውላ በችኮላ ሳጥን አሠርቼ መሣሪያውን አስገባሁበት። ጣውላው በቅርቡ የተሰነጠቀ፣ ሆዱ ገና ያልደረቀ ነበር። ክረምቱ ከገባ በኋላ አንድ ቀን ክዳኑን ስከፍት መፍቻዎቼ ቡናማ ብናኝ ለብሰው አገኘኋቸው። ቁጭ አልኩ። ያ ሁሉ ምርጫ፣ ያ ሁሉ መንገድ፣ የእሷ ጥሪት። በጣቴ ስነካው ዝገቱ ጣቴ ላይ ቀረ።

ባለቤቴ ከኋላዬ መጥታ አየች።

«ማል ጎና?» አልኳት፤ ምን ይሻለናል ማለቴ ነው።

እሷ ለማዘን ጊዜ አልሰጠችኝም። አባቷ ማር የሚቆርጥበትን ቢላና መጥረቢያውን ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ሰቅሎ እንደሚያስቀምጥና በአዲስ ዓመት ሲያወርደው እንደ ተሳለ እንደሚያገኘው ነገረችኝ። የሚቀባው ሰም ነው። መጀመሪያ ዝገቱን በላምባና በጨርቅ አብረን ፈትገን አስለቀቅን፤ ደግነቱ ገና ከላይ ነበር፣ ብረቱን አልበላውም። ከዚያ በሸክላ ድስት ሰም አቀለጠች። ለብቻው ሲሆን ቀዝቅዞ ስለሚሰነጠቅ እኔ ንጹህ የሞተር ዘይት እንጨምርበት አልኩ፤ መጠኑን እያስተካከልን ደጋግመን ሞከርን። ልክ ሲሆን እንደ ቅባት ይሳባል፣ እጅ ላይ ግን አይሟልጭም። እያንዳንዱን መፍቻ እሳት ዳር ሞቅ እያደረግን አሸነው። ቤታችን ለቀናት የማርና የዘይት ሽታ ሸተተ።

የቀረው ሳጥኑ ነበር። ሁሩሙ አጠገብ ቀፎም በርም የሚሠሩ አንድ አዛውንት አናጺ ነበሩ፤ የባለቤቴ አባት ወዳጅ ናቸው። ሄጄ ችግሬን ስነግራቸው ቀና ብለው የማድቤታቸውን ጣሪያ አሳዩኝ። ከምድጃው በላይ፣ ቆጡ ላይ፣ ዓመታት ጢስ የጠጣ የዋንዛ ጣውላ ተደርድሯል። ለወንድ ልጃቸው አልጋ ያሰቡት ነበር፤ ልጁ ግን ወታደር ሆኖ ሄዶ የብረት አልጋ ለምዷል አሉኝ። በገንዘብ አልሸጥም አሉ። የሚፈልጉት የመላጊያ ስለት ነው፤ የእሳቸው በመሳል ብዛት አልቆ ነበር። እኔም ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ቆርጬ፣ አግዬ፣ በዘይት አቀዝቅዤ፣ ሞርጄ ስለት ሠራሁላቸው። መላጊያው ላይ ገጥመው ጣውላው ላይ አንድ ጊዜ ሲስቡት ቀጭን ፍቅፋቂ እንደ ወረቀት ተጠቅልሎ ወጣ። ወደ ብርሃን አንስተው አዩት።

«ጋሪዳ» አሉ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ከእሳቸው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና እንደማይወጣ ባለቤቴ በኋላ ነገረችኝ።

የሠሩልኝን ሳጥን እስከ ዛሬ የሚያህል አላየሁም። ከመሬት የሚያርቀው እግር አለው። ክዳኑ ውሃ እንዲያንሸራትት ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ ነው። ውስጡ ሦስት ተንሸራታች መሳቢያ ሲኖረው፣ በእያንዳንዱ መሳቢያ ላይ ለእያንዳንዱ መሣሪያ በቅርጹ ልክ አልጋ ተፈልፍሎለታል። አንድ መፍቻ ከጎደለ ባዶ አልጋው ከሩቅ ይታያል። በሁለቱ ጎን የጠፍር ማንጠልጠያ ስላለው በበቅሎ ይጫናል፤ መኪና ወደ ጋራዥ መምጣት ካልቻለ ጋራዡ ወደ መኪናው ይሄዳል ማለት ነው። የሚቀጥለው ክረምት መጣ፣ ሄደ። መሳቢያዎቹን በሳብኩ ቁጥር ብረቱ እንዳስቀመጥኩት ነው።

እንዲህ ሆኖም የሚመጣልኝ ሥራ ትንንሹ ነበር። የፍሬን ማስተካከል፣ የራዲያተር ብየዳ። ሞተር የሚያስከፍተኝ አልተገኘም። ሰው በእጄ እንዳይተማመን ያደረገው ያው የጅማ ልማድ ነው፤ ትልቅ ነገር ሁሉ ጅማ ይሄዳል።

በአንድ የመኸር ወቅት፣ ቡና ገበያውን አጥለቅልቆ ሳለ፣ በመቱ ትልቁ የቡና ነጋዴ የነበሩት ሰው መኪና ከሁሩሙ መለስ ብሎ እንፋሎት እየተፋ ቆመ። በሌላ መኪና አስጎትተው ገበያው ዳር አመጡት። ሄጄ አየሁት። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ውሃ ገብቶበታል። የሞተሩ ክዳን፣ እኛ ቴስታታ የምንለው፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ተቃጥሏል ማለት ነው። ሾፌሩ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ፣ በዚያ መንገድ ስሙ የተከበረ ሰው ነበር። ምትክ ማሸጊያ ጋቢናው ውስጥ ጠቅልሎ ሰቅሎ ይዟል፤ አስተዋይ ሾፌር ነው። ግን እዚህ ሜዳ ላይ ሞተር አይከፈትም፣ ጅማ ይጎተት አለ። ነጋዴው ተጨነቁ። ያን ሰሞን መኪናው ጅማ ደርሶ እስኪመለስ የሌሎች ነጋዴዎች ቡና አዲስ አበባ ይገባል።

ወደ እኔ ዞሩ።

«ጅማ ሳይሄድ ይነሳል ትላለህ?»

«ይነሳል ጋሼ። ካልተነሳ እኔው ራሴ ጅማ ድረስ አስጎትተዋለሁ።»

ነጋዴው ሾፌሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሥራ አሉኝ።

ሳጥኔን አስመጣሁ። የገበያ ቀን ስለነበር ሰው ከበበን። ዳዶዎቹን ተራ በተራ ሳላላ መፍቻዬ አንዱንም አላንሸራተተም። በመጨረሻ አንድ ቀረ፤ ጥጉ ተበልቶ ክብ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሊያጠብቀው ሞክሮ ኖሯል፤ አዲስ አበባ ካየሁት ቀይ ሳጥን ጋር አንድ ዓይነት መሣሪያ ነበረው፣ የመፍቻው ከንፈር ተከፍቷል። ዳዶው አልፈታም ካለ ችግር ነው፤ በኃይል ቢጠመዘዝና ቡሎኑ ቢሰበር ደግሞ ምትኩ አዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም። ላምባ አንጠባጠብኩበትና ተውኩት። ከዚያ ጥጎቹን በሞረድ ትንሽ አስተካከልኩ፤ ከልኩ አንድ ቁጥር የሚያንሰውን ቡሶላ ከላዩ አድርጌ በመዶሻ መትቼ አለበስኩት። ለስላሳ ብረት ቢሆን እዚያው ይሰነጠቅ ነበር። አልተሰነጠቀም። ረጅሙን እጀታ አስገብቼ ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። እጀታው ላይ የነበረው ላብ እንጂ ብረቱ አልተንቀሳቀሰም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ ያያል። ሦስተኛ ጊዜ ክብደቴን ሁሉ ሳሳርፍበት ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቡሎኑ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። ዳዶው ነው የተላቀቀው።

ቴስታታውን አንስተን የሞተሩ ሆድ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። በመኸር ዝናብ የሚመጣበት ጊዜ አልነበረም፤ የኢሉባቦር ሰማይ ግን ቀጠሮ አያከብርም። ውሃ ሲሊንደሩ ውስጥ ከገባ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ኮቴን ላለብሰው ስጣደፍ ባለቤቴ የማር መሸጫዋን ሸራ ከነምሰሶው ነቅላ ስትሮጥ አየሁ፤ ከኋላዋ ገበያተኛ ጓደኞቿ። አራቱን ጫፍ ይዘው መኪናው ላይ ዘረጉት። የእሷ የማር ቅሎች ዝናብ ላይ ቀሩ። ሾፌሩም አንዱን ጫፍ ያዘ። እኔ ከሸራው ሥር ሆኜ ማስመሪያውን በቴስታታው ፊት ላይ እያጋደምኩ በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አየሁ። በአንድ በኩል በጥቂቱ ተጣሞ ነበር፤ በልሙጥ ሞረድ አቀናሁት። መሳቢያዎቹ ክፍት ናቸው፣ ዝናቡ መሣሪያው ላይ ይረጫል፣ ውሃው ሰሙ ላይ ሲንከባለል አያለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝናብን ሳልፈራ ሠራሁ።

ዝናቡ ሲያባራ አዲሱን ማሸጊያ አስተኝቼ ክዳኑን መለስኩ። ዳዶዎቹን ከመሃል ወደ ዳር፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ፣ በእጀታው ስሜት አጠበቅኋቸው። የተበላውን ዳዶ በሌላ ቀየርኩት። ዘይቱን አፍስሰን አዲስ ሞላን፣ ውሃ ሞላን። ከዚያ ተነስቼ ማንቀሳቀሻ መዘውሩን ለሾፌሩ ሰጠሁት። መኪናው የእሱ ነው፣ እሱ ቢያስነሳው ደስ ይለኛል ብዬ ነው። አንድ ጊዜ አዞረው፤ አስነጠሰ። ደግሞ አዞረው። ሞተሩ ተነሳ፤ መጀመሪያ እያንገራገረ፣ ከዚያ እኩል፣ ከዚያ እንደ ሰዓት። ሴቶቹ ሸራውን እንደያዙ እልል አሉ። ነጋዴው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በማግስቱ ነጋዴው ጎሬ ላይ የሚጫን ቡና ስለነበራቸው ና አብረኸኝ ውጣ አሉኝ። ሳጥኔን ከኋላ ጭኜ ጋቢና ገባሁ። ወደ ጎሬ የሚያወጣውን ዳገት ስንወጣ ጆሮዬ ሞተሩ ላይ ነበር፤ ከሥር እስከ አናት አንዴም አልተነጫነጨም። ጎሬ ስንደርስ ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሾፌሮች ኮፈኑን አስከፍተው እያዩ፣ መቱ ነው የተሠራው፣ መቱ ነው፣ እያሉ ይጠያየቃሉ። ሾፌራችን ለሁሉም ያስረዳ ነበር፤ እኔ አፌን መክፈት አላስፈለገኝም። ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ ዞር ብሎ፣ እነዚያን ጥቁር መፍቻዎች የት ነው የገዛኸው አለኝ። የሽማግሌውን ሱቅ ነገርኩት። በሚቀጥለው ጉዞው በዘይት ወረቀት የተጠቀለለ ዕቃ ይዞ መጣ፤ ባለቤቴም ሰም አቀለጠችለት።

ያ መኸር ሳያልቅ ከበደሌም ከጎሬም መኪና ይመጣልኝ ጀመር። አዛውንቱ አናጺ ሁለተኛ ሳጥን ሠሩልኝ፤ ሦስተኛውን ሾፌሩ አዘዘ። ሁለት ሠራተኛ ቀጠርኩ፤ መጀመሪያ ያስተማርኳቸው ሞተር አልነበረም፣ ሞረድን መፍቻ ላይ ማሳረፍ ነው። ማታ ሳጥን ሲዘጋ ባዶ አልጋ ካለ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም ነበር፤ አንድ ጊዜ አንድ ካቻቢቴ ፈልገን ፈልገን በአንድ መኪና መቀመጫ ሥር አገኘናት፣ እንደ ጠፋ ልጅ ተቀበልናት።

በመጨረሻ ባለቤቴ ጋራዡ ሰሌዳ ያስፈልገዋል አለች። ከበርሜል የተዘረጋ ቆርቆሮ ነጭ ቀለም ቀባን፤ የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰውም ብሩሹንና ጥቁር ቀለሙን ይዘው መጡ። ምን ልጻፍ አሉኝ።

«እዚህ ሞተር ይከፈታል ብለው ይጻፉ» አልኳቸው።

እሷ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

«ይከፈታል፣ ይገጠማልም ይበሉ» አለቻቸው፤ «የሚከፍትማ ብዙ ነው።»

ሰውየው ሳቁ፤ ከዚያም ብሩሹን ቀለሙ ውስጥ ነክረው እሷ እንዳለችው ጻፉት።